በግቢዬ በር ላይ ስለተለጠፉት ሁለት የሐዘን ወረቀቶች

ለተከበሩ የጎርና ክሩሻ መንደር ከንቲባ
ለአቶ ሚንኮ ፐትካኖቭ
ባሉበት፣ በሚገኙበትም ጊዜ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። እርስዎም ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከአዲሱ መኪናዎና ሲያስቸግርዎ ከከረመው ወገብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። «መንደሮቻችንና የዲጂታል ዘመን» በሚል ርዕስ በከተማው ትልቅ ሆቴል ከተደረገው ስብሰባ ፊትዎ ሞላ ብሎ፣ ቀላ ብለው መመለስዎን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በሆቴሉ ውስጥ ኢንተርኔቱ ከምግብ አዳራሹ አልፎ እስከ መዋኛው ድረስ ያለ እንከን ይሠራ እንደነበር ሾፌርዎ ነግሮናል። እርስዎ እንዲህ ተመችቶዎት መሰንበትዎን ማወቃችን ለእኛም ትልቅ መጽናኛ ሆኖናል።

ከጉዳይ ብዛት የተነሣ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ዶንካ ራንጌሎቫ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚህ መንደር ፖስታ አመላላሽ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ የቤቴን የላይኛውን ፎቅ ለእንግዳ እያከራየሁ እኖራለሁ። እርስዎ ወታደር ቤት ሳሉ ለእናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሚጽፏቸውን ደብዳቤዎች በረዶ እየረገጥኩ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ብዙ ስላልነበሩ አላደከሙኝም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ልዘልፍዎ አልተነሣሁም። ኀፍረት ይዞኝ ነው የምጽፈው። ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ካቃተኝ ሰነበትኩ፤ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳን በጓሮ ነው የምዞረው። ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ግን ይህ ሁሉ ኀፍረት የእኔ ብቻ ሊሆን እንደማይገባው ተረዳሁ። እርስዎ የመንደሩ አባት ነዎትና ድርሻዎን ሳላቀርብልዎ ለብቻዬ ብይዘው ነውር ይሆንብኛል። ስለዚህ ምስጋናዬንም አቤቱታዬንም፣ እርስዎ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰሌዳው ላመስግንዎ። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ኢንተርኔት የሚባለውን ጸጋ ወደ መንደራችን ሲያስገቡ በንባብ ቤቱ ደጃፍ ሪባን መቁረጥዎን፣ ሴቶቻችን በዳቦና በጨው መቀበላቸውን፣ ከዚያም ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ ሠርተን መጨፈራችንን አልረሳሁም። እኔም ከፊት ነበርኩ፤ ጉልበቴን ያመመኝም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የኢንተርኔቱ ነጭ ሣጥን በንባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እንግዳ ለምናሳድር ሰዎችም ከእርሱ የምትቀበል ትንሽ ሣጥን ለየቤታችን ታደለን። አሮጌውን የቤት ስልክ መሥመር «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል» ብለው ምሰሶውን ሁሉ አስነቀሉት። ሸለቆ ውስጥ በመሆናችን ተንቀሳቃሽ ስልክ እንደማይሠራልንና እርሱን ፍለጋ እስከ ላይኛው የመንገድ መታጠፊያ ድረስ መውጣት እንዳለብን በወቅቱ ያስታወሱዎትን ሽማግሌዎች «ወደ ኋላ የሚጎትቱን ሰዎች» ብለው በጨዋነት ገሠጿቸው። ከዚያም በመንደሩ መግቢያ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ያንን ቁመተ ረጅም ሰሌዳ አቆሙልን፤ «ጎርና ክሩሻ፣ ከዓለም ጋር የተገናኘች መንደር! በየእንግዳ ቤቱ ኢንተርኔት!» ይላል። ከጽሑፉ ሥር እርስዎ ከእግር እስከ ራስዎ፣ ክንድዎን ዘርግተው ቆመዋል። ሰሌዳው ትልቅ በመሆኑ ከኋላው ያለው አሮጌው አኻያ አይታይም፤ ምንጩን የፈለገ ሰውም በእርስዎ በስተግራ መዞር አለበት። ኢንተርኔቱ አልሠራም ብዬ ግን አልዋሽም። ድምፅ ተሰጥቶ እስኪቆጠር ድረስ ሌት ተቀን ሠርቷል። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን ይነቃል፣ አብዛኛውን ቀን ይተኛል።

እኔም የቤቴን ማስታወቂያ ሳወጣ «ኢንተርኔት አለ» የሚለውን ቃል ከሰሌዳዎ ላይ ገለበጥኩት። መንደሩን የሚያስተዳድር ሰው በዚያ ሁሉ ቀለም ያስጻፈውን ቃል እኔ ማን ነኝና እጠራጠራለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እየተጠራጠርኩ ነው የገለበጥኩት፤ ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ ይህ ቃል የሌለበት ቤት እንግዳ እንደማያገኝ አውቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ንባብ ቤቱ ሶኬት። እንደሚያውቁት መስከረም ሲጠባ በመንደራችን ቀይ ቃሪያ የማይጠብስ ቤት የለም። የየቤታችን መብራት ደካማ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መጥበሻውን ስንሰካው ፊውዝ ይቃጠልብናል። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ መጥበሻቸውንና ቃሪያቸውን ተሸክመው ወደ ንባብ ቤቱ ግቢ ይወርዳሉ፤ እዚያ መሥመሩ ወፍራም ነውና። ይህ ከእርስዎ በፊት የነበረ፣ ከእርስዎም በኋላ የሚኖር ወግ ነው። ችግሩ ያን ሁሉ መጥበሻ የሚችለው ሶኬት አንድ ብቻ መሆኑ፣ በእርሱ ላይ ደግሞ ነጩ ሣጥን መሰካቱ ነው። የንባብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ፔፓ ያለ ተንኮል፣ ያለ ክፋት፣ ሣጥኑን ነቅላ መጥበሻውን ትሰካለች። ብጠይቃት ምን አለችኝ መሰለዎ? «ዶንካዬ፣ እስቲ አስቢው፤ ቃሪያ ይበሰብሳል፣ ኢንተርኔት አይበሰብስም።» ለዚህ ሁሉ ሪባን፣ ለዚህ ሁሉ ሰሌዳ በጀት ተገኝቶ ለአንድ ተጨማሪ ሶኬት መጥፋቱ ጥበብዎን የምናደንቅበት ምሥጢር ሆኖ ይኖራል።

የእኔም ቃሪያ የተጠበሰው በዚያው ሶኬት ላይ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጓዳዬ ውስጥ በጠርሙስ ታሽጎ ተደርድሯል። እስካሁን አንዱንም ለመክፈት እጄ አልታዘዘልኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ እንግዳዬ። ነጩ ሣጥን ነቅቶ በዋለበት አንድ ቀን ካሊና የምትባል ልጅ ከዋና ከተማችን ከሶፊያ ደወለችልኝ። ከመንደሩ የእንግዳ ቤቶች ሁሉ የእኔን የመረጠችው ስለ ጽጌረዳዬ ወይም ስለ ምግቤ አልነበረም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እትዬ፣ ኢንተርኔቱ እውነት ይሠራል? ምስል ሳይቆራረጥ ያደርሳል?» አለችኝ። «እንዴታ ልጄ! ከንቲባው ራሳቸው ሪባን የቆረጡለት አይደል እንዴ!» አልኳት። አፌ ቁርጥ ይበል። ያን ቀን ኢንተርኔቱ የሠራው ይህን ውሸት እንዳደርስበት ያህል ብቻ ነበር።

ካሊና በአውቶቡስ መጣች፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ ምክንያቷን ነገረችኝ። አባቷ ስታመን የእኛው ሰው ነው፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ። ለሥራ ወደ ስፔን ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ለእናቱ በየሳምንቱ ይጽፍላት የነበረውን ደብዳቤ እኔ ነበርኩ የማደርሰው፤ ዓይኗ ከደከመ በኋላማ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ አነብላት ነበር። የእሱስ ብዙ ነበር፤ ትከሻዬን ያጎበጠው ቦርሳ ግማሹ የስታመን ነው። አሁን ስታመን እዚያው በወንድ ልጁ ቤት አልጋ ይዞ ተኝቷል፤ ከእንግዲህ እግሩ እዚህ እንደማይደርስ ሐኪሞቹም እሱም ያውቃሉ። የለመነው ነገር ቢኖር ካሊና ስልኳን ይዛ በመንደሩ ውስጥ እንድትራመድለት፣ እሱም ከአልጋው ሆኖ «ወደ ግራ ታጠፊ፣ እዚያ ጋ ቁሚ፣ አሁን ቀና በይ» እያለ እንዲመራት ነበር። ትምህርት ቤቱን፣ ወፍጮውን፣ ምንጩን፣ ከሁሉም በላይ አባቱ በእጁ የተከለውን አኻያ ለማየት። የጠየቀው ይህን ብቻ ነበር፤ እኔም «አለ» ብያለሁ።

በማግሥቱ በማለዳ ካሊና ፀጉሯን አበጥራ፣ ለአባቷ የምትታየው ቆንጆ ሆና ይሁን ብላ ቀይ ሹራቧን ለብሳ ወረደች። በቤቴ ያለችው ትንሽ ሣጥን መብራቷን እንኳን አላበራችም። ወደ ንባብ ቤቱ ሮጥኩ፤ መጥበሻው ተሰክቷል፣ ግቢው በጭስ ታፍኗል። ፔፓን ለምኜ ሣጥኑን አሰካኋት፤ ብልጭ አለና ፊውዙ ተቃጠለ። የፊውዙ ሣጥን ቁልፍ የት እንዳለ ብንጠይቅ በሾፌርዎ ኪስ ውስጥ፣ ሾፌርዎም ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ላይ። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ወጣሁ። እዚያ ያለችው ትሑት ልጅ ማመልከቻዬን ሳትነካው መለሰችልኝ፤ «እትዬ ዶንካ፣ የኢንተርኔት አቤቱታ በወረቀት አንቀበልም እኮ፤ በድረ ገጻችን ላይ ገብተው ነው የሚሞሉት» አለችኝ። እንዲህ ያለ የተሟላ አሠራር ማበጀት ቀላል ጭንቅላት የሚችለው ሥራ አይደለም፤ ለዚህም ምስጋናዬን ይቀበሉ።

ልጅቱ በእኔ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ስልኳን ወደ ላይ አንሥታ በየመንገዱ ስትዞር ዋለች። ጎረቤቴ ጋሼ ጋንቾ አጥሩን ተደግፎ «ልጄ፣ ሰማዩን ነው የምትለኪው? በሜትር ከሆነ እኔም ገመድ አለኝ!» እያለ ቀለደባት፤ አባቷ ማን እንደሆነ ሲሰማ ግን ኮፍያውን አወለቀ። እሱና ስታመን አንድ ወንበር ላይ የተማሩ ናቸው። ካሊና በየቀኑ ያንን ዳገት እስከ መንገዱ መታጠፊያ ትወጣ ጀመር። እዚያ ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማል፤ ምስል ግን አያልፍም። በመንደሩ ውስጥ እየዞረች የቀረጸችው ሁሉ፣ ወፍጮውም፣ የትምህርት ቤቱ ደወልም፣ ጋሼ ጋንቾ ለጓደኛው እጁን ሲያውለበልብም፣ ስልኳ ውስጥ ታጭቆ ቀረ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ያለፈችው አንዲት ፎቶግራፍ ናት፤ ገና ከአውቶቡስ እንደወረደች በመንደሩ መግቢያ ያነሣቻት። ስታመን ለፎቶግራፏ መልስ ጽፏል። መልሱን ካሊና አሳይታኛለች፤ ለእርስዎም የሚነገር ስለሆነ ከደብዳቤዬ ግርጌ አስቀምጬልዎታለሁ።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ተራ ያበቃና የእኔ ይጀምራል። ይህን ክፍል ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁና እንደተቀመጥኩ አልነግርዎም።

በጣም ተናድጄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መልእክት ሳላደርስ ቀርቼ የማላውቅ ሴት፣ በገዛ ጣሪያዬ ሥር ያለች እንግዳ መልእክቷን ይዛ ዳገት ለዳገት ስትንከራተት ማየት አንገበገበኝ። ንዴቴን በጨዋ መንገድ መወጣት ሲገባኝ ብልጥ ለመሆን አማረኝ። ሰው ሲሞት በየበሩና በየምሰሶው የምንለጥፈውን ያንን ጥቁር ጠርዝ ያለው የሐዘን ወረቀት በሱቁ ማተሚያ አሳተምኩ። የሟች ፎቶግራፍ በሚገባበት ቦታ የነጩን ሣጥን ፎቶግራፍ አስገባሁ። ከሥሩም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «በጥልቅ ሐዘን! የምንወደው ኢንተርኔታችን ከአጭር ዕድሜና ከረጅም ሕመም በኋላ ከዚህ ዓለም መለየቱን እናስታውቃለን። በምርጫ ሰሞን ተወልዶ፣ በምርጫ ማግሥት ታሞ፣ በቃሪያ ወቅት አርፏል። ሐዘንተኞች፤ እንግዶች፣ አከራዮች፣ እንዲሁም አሳዳጊ አባቱ ከንቲባችን።» አንዱን በጽሕፈት ቤትዎ በር፣ አንዱን በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ አንዱን ደግሞ በራሴ ግቢ በር ላይ ለጠፍኩ።

መንደሩ ጉድ አለ። በሬ ደጃፍ ሰው ተሰበሰበ። ጋሼ ጋንቾ ኮፍያውን አውልቆ አማተበና «ነፍሱን ይማር! እኔ እንኳን በሕይወት ሳለም አላየሁት!» ሲል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔም መሐላቸው ቆሜ፣ እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በራሴ ቀልድ ተኮፍሼ ነበር።

ካሊና ከዳገቱ ወርዳ የደረሰችው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። መታጠፊያው ላይ ሆና የወንድሟን መልእክት አንብባ መምጣቷ ነበር። ስታመን ንጋት ላይ አርፏል።

ይህን እኛ አላወቅንም። እሷ ያየችው በጥቁር የተከበበውን ወረቀትና በፊቱ የቆመውን የመንደር ሰው ብቻ ነው። ሰዉን አልፋ ወደ እኔ መጣች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና «እትዬ፣ እንዴት ቀድማችሁ ሰማችሁ?» አለችኝ። «አባዬ የሚያስታውሰኝ ሰው የለም ይል ነበር እኮ» አለችኝ። የአባቷ መንደር አባቷን ያልረሳ፣ ወረቀቱም የእሱ መስሏት እያመሰገነችን ነበር፣ ክቡር ከንቲባ። ከዚያ ዞር አለችና የሣጥኑን ፎቶግራፍ አየች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ «ቀልድ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታስረዳ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ያን ቀን የነበረኝን ፊት ዛሬም ይዤው ነው የምዞረው።

አምስተኛ፤ ስለ ሁለተኛው ወረቀት። የቀልዱን ወረቀት ከሦስቱም ቦታ በጥፍሬ ፈቅፍቄ አነሣሁት። በቦታው፣ በግቢዬ በር ላይ፣ የስታመንን እውነተኛ የሐዘን ወረቀት ለጠፍን። ፎቶግራፉን ካሊና መረጠች፤ ስፔን ውስጥ በብርቱካን ማሳ መሐል የገለባ ባርኔጣ አድርጎ የቆመበትን። «የጎርና ክሩሻ ልጅ፣ የባለ ወፍጮው ልጅ» ብለን ጻፍንበት። ስንዴ ቀቅለን ለአላፊ አግዳሚው አደልን። ፔፓ ቃሪያዋን ጥላ መጣችና አለቀሰች። ጋሼ ጋንቾ ወንበር አምጥቶ ከወረቀቱ አጠገብ እስኪመሽ ተቀመጠ። ካሊና ከእኛ ጋር ስንዴ ቃመች፣ አባቷ በልጅነቱ ያደረገውን ተንኮል ሰማች፣ አንዴም ሳቀች። ኀፍረቴ አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ቢያንስ ስታመን አንድ በር አግኝቷል ብዬ ተጽናንቼ ነበር።

በማግሥቱ እርስዎ ከስብሰባው ተመለሱ። ስለ ቀልዱ ወረቀት ሰሙ፤ የሚመለከተው ሰውም በግቢዬ በር ላይ ያለውን የሐዘን ወረቀት ባስቸኳይ እንዲያነሣ አዘዙ። የጽሕፈት ቤትዎ ዘበኛ መቧጠጫ ይዞ መጣ፤ እኔ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጨርሶ ነበር። ምነው ብዬ ብጠይቀው «እትዬ ዶንካ፣ እኔ ምን በወጣኝ? ‹ዶንካ በር ላይ ያለውን አንሣ› አሉኝ፣ አነሣሁ። ሰውዬው ማን እንደሆነ ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ማንም አልጠየቀም። ወረቀቱን ተክቶ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ «ተቋሙን የሚዳፈር ማናቸውም የሐዘን መግለጫ ያለ ፈቃድ መለጠፍ ክልክል ነው» ይላል፤ ከሥሩም የእርስዎ ማኅተም አለበት። ከስታመን የተረፈው የገለባ ባርኔጣው ጫፍና ሁለት ብርቱካን ነበሩ።

በሙሉ ልቤ ልቆጣዎ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። በእኔ በር ላይ የሚለጠፍ የሐዘን ወረቀት ቀልድ እንደሆነ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ። እርስዎ ሳያነቡ አስነሡ፤ እኔ ሳላስብ ለጠፍኩ። በሁለታችን መሐል አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተዋረደ። በሕይወት ሳለ መንደሩን ተከለከለ፣ ሞቶም ከመንደሩ ተፋቀ።

ካሊና ወደ ስፔን ለመሄድ በአውቶቡሱ ቀን ወጣች። የላይኛውን ፎቅ ጠርጋ፣ አንሶላዎቹን አጥፋ ነበር። በሩ ላይ የቀረውን ብጣሽ አየችው፤ በጣቷ ዳሰሰችው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። «አይዞዎት እትዬ ዶንካ» አለችኝ፤ «አባዬ ቢሰማ ይስቅ ነበር።» አባት የሞተብኝ እኔ ይመስል እሷ አጽናናችኝ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ከዚያ ቦታ መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ከማስታወቂያዬ ላይ ያንን ቃል አንሥቼዋለሁ፤ አሁን «ኢንተርኔት የለም፤ ውኃ፣ ጸጥታና የምታፍር ባለቤት አሉ» ይላል። እንግዳ ይቅርብኝ፤ ያለ እንግዳ መኖርን እችልበታለሁ። እርስዎንም ኢንተርኔቱን እንዲያስጠግኑ አልጠይቅም፤ ለምርጫ ጥቂት ሲቀረው እንደሚያስቡበት ስለማውቅ ልሻማብዎ አልፈልግም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የስታመን አርባ እየመጣ ነው፤ በወጋችን መሠረት አዲስ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱን አሳትሜዋለሁ። ቦታውን አጥቤ አዘጋጅቼዋለሁ። መጥተው በገዛ እጅዎ እንዲለጥፉት እለምናለሁ። ሙጫውን እኔ ከዱቄት አፍልቼ፣ ባልዲውን ይዤ አጠገብዎ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ እንዲያየን በቀን ይሁን። ሰው ምን ይለኛል ብለው ከሠጉ በምሳ ሰዓት ይምጡ፤ በዚያ ሰዓት ጽሕፈት ቤትዎ እንደ ሌላው ሰዓት ባዶ ስለሆነ ሥራ አይስተጓጎልም። እስከዚያው ወገብዎን ይጠንቀቁ፤ ወረቀቱ የሚለጠፈው ዝቅ ብሎ ነው።

ከማይለየኝ አክብሮትና ከማይለየኝ ኀፍረት ጋር፣ የተዘረጋውን ክንድዎን በየቀኑ ከጀርባው እያየሁ የምኖር፣

ዶንካ ራንጌሎቫ
የቀድሞ ፖስታ አመላላሽ
ጎርና ክሩሻ፣ ከሰሌዳው በስተኋላ

ማስታወሻ፦ ከላይ ቃል የገባሁልዎትን መልእክት እነሆ። ካሊና ከመታጠፊያው የላከቻት ያቺ አንዲት ፎቶግራፍ ምንጩን፣ ሰሌዳውንና ከሰሌዳው ጀርባ ሊኖር የሚገባውን አኻያ ነበር የያዘችው። ስታመን ከመንደሩ በመጨረሻ ያየው እርሷን ነው፤ የጻፈው የመጨረሻ ቃልም ለእርሷ የመለሰው ነው። በሥራ ዘመኔ መልእክት ለባለቤቱ ሳላደርስ ቀርቼ ስለማላውቅ፣ ጡረተኛም ብሆን ቃል በቃል አድርሻለሁ፦

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በልልን በይው፤ የአባቴን ዛፍ ከለለብኝ።»